ሃያ ሦስት ሴቶችና አንድ ቁልፍ

እናቴ አርባ ዓመት የሰው ልብስ ተኮሰች። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የውስጠኛው መኝታ፣ መንገድ ዳር ያለው መሥሪያ። መሥሪያው ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ጠረጴዛ፣ ክንድ የሚገነጥል ካውያ፣ ክዳኑ በሚስማር የተበሳሳ የውሃ ጠርሙስና ግድግዳውን የሞሉ መስቀያዎች ነበሩ። ደንበኞቿ ልብሳቸውን የሚያቀብሏት በመስኮት ነው። ስለዚህ የሰፈሩን ሰው ግማሹን ከደረቱ በታች አይታው አታውቅም። መንገድ ላይ ስታገኛቸው "እንዲህ አጭር ነህ እንዴ?" ትላቸው ነበር።

ማንበብ አትችልም፤ ሸሚዝ ግን ታነባለች። ኮሌታ አይታ ማን ሥራ እንደፈታ፣ የተቀደደ ኪስ አይታ ማን ከማን እንደተጣላ ትናገራለች። ፖለቲካውንም የተማረችው ከልብስ ነው። ከመንገዱ ላይኛው ጫፍ የምክር ቤቱ ደጋፊዎች ካናቴራ ይመጣላታል፣ ከታችኛው ጫፍ የተቃዋሚዎቹ። ደረቱ ላይ ሥዕል ያለበት ካናቴራ በፊቱ በኩል ከተተኮሰ ቀለሙ ካውያው ላይ ይቀልጣል፤ በመሆኑም ሁሉንም ገልብጣ ነው የምትተኩሰው። አንድ የላይኛው ጫፍ ሰው "ለመሆኑ አንቺ የማን ወገን ነሽ?" ቢላት፣ "እኔ ጋ ሲደርስ ሁሉም ይገለበጣል" አለችው። ሰውየው ምን ለማለት ፈልጋ ነው እያለ ሳምንት ሙሉ ሲጠይቅ ከረመ።

እኔ ሴት ልጇ ነኝ፤ አስተማሪ ነኝ። ሰባ ልጅ ፊት ቆሜ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ እውላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለሚመጣው ነገር እንዳታዝኑልኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር የመንገዱ ታችኛው ጫፍ በቆሻሻ ውሃ ይሞላል፤ ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው ከቤታቸው የሚወጡት። የሰፈራችን ተመራጭ አንድ የፍራሽ ነጋዴ ነበር፤ ሰው ሁሉ "ስፖንጅ" ይለዋል። አሥር ዓመት ሙሉ የውሃ መውረጃ እናስቆፍራለን እያለ ኖረ። ወንድሜ "ስሙን እንኳ አላከበረም፤ ስፖንጅ ሆኖ ውሃችንን አልመጠጠልንም" እያለ ሲቀልድ ሲቀልድ፣ ቀልዱ አደገና ራሱ በግል ለመወዳደር ተመዘገበ። የመወዳደሪያ ምልክቱም ቁልፍ ሆነ።

ያን ጊዜ በጣቢያችን መዝገብ ላይ ስድስት መቶ ሰው ነበር። ለመምረጥ የመጣው ዘጠና ነው። የላይኛው ጫፍ ሰዎች የለመዱትን መረጡ፤ ታችኞቹ፣ ጎርፉ የሚገባባቸው፣ ከነጭራሹ ከቤታቸው አልወጡም። ለምን ብትሏቸው "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይላሉ። እናቴ በንዴት "ወጡስ ይቅር፤ ቤታችሁ የገባውን ውሃ ማን ያውጣው?" ትላቸው ነበር።

ወንድሜ ተሸነፈ። አንገቱን ደፍቶ መሥሪያው ውስጥ ሲቀመጥ፣ እናቴ ካውያውን እንደያዘች፣

"ሰው ጠልቶህ አይደለም ልጄ። ሰው ተኝቶ ነው" አለችው።

"በማን ፍራሽ?" አለ ወንድሜ።

ሳቀች። ከዚያ ግን የቁልፉን ፖስተር ከመስኮቱ በላይ በሚስማር መታችና ነገሩን በሆዷ ያዘችው። ለሚቀጥለው ምርጫ አምስት ዓመት ነበራት፤ አምስት ዓመቱን ሙሉ ሠራችበት። ልብሱን ሊወስድ የመጣን ሰው ሁሉ ሸሚዙን ሳትለቅ "ምርጫ ትወጣለህ?" ትለዋለች። ወንዶቹ እሺ ብለው ይሄዳሉ፤ እሺታቸው መንገዱን ሳይሻገር እንደሚቀር ታውቃለች። ስለዚህ ሴቶቹ ላይ በረታች፤ በተለይ እንደሷ ፊደል ያልቆጠሩት ላይ። እነዚህ ሴቶች ምርጫ የማይወጡት ጠልተው አልነበረም፤ ወረቀት ፊት መቆም ስለሚያፍሩ ነው። እናቴ ይህን የምታውቀው ራሷም ስለምታፍር ነው።

የመጀመሪያዋ ባለ ዳቦዋ ነበረች። ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ ሠላሳ ዓመት ዳቦ ጋግራ ሸጣለች። እኔና ወንድሜ ከእናታችን ካውያና ከሷ ምድጃ መሐል ሞቀን ነው ያደግነው። እናቴ ስትተኩስ ክንዷ ሲዝል ባለ ዳቦዋ መጥታ ኮሌታውን ትይዝላታለች፤ ባለ ዳቦዋ ሲያማት እናቴ ሊጡን ታቦካለች። ይጣሉ ነበር፤ ሲጣሉ ግን ከምሳ ሰዓት አያልፍም።

እናቴ የቤታችንን ቁልፍ ከወገቧ ፈትታ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

"ወረቀቱ ላይ ብዙ ሥዕል አለ። አንቺ ሌላውን አትይ። ይቺን ፈልጊ፣ ጎኗ ምልክት አድርጊ፣ አጥፈሽ ኮሮጆው ውስጥ ክተቺ። በቃ።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ይቺን ይቺንማ በምድጃ ጭስም ውስጥ አገኛታለሁ" አለች ባለ ዳቦዋ።

እንዲህ እያለች ሃያ ሦስት ሴቶች ሰበሰበች። እየጠራች መዳፋቸው ላይ ቁልፉን ታኖራለች፣ በጣታቸው ያስኬዱታል። አንዷ "እኔ እኮ ባሌ ሞቶ እንኳ እንዲህ አልተመከርኩም" ብላ አስቃናለች። ወንድሜ ይህን አይቶ የኛን መንገድ ለእናቴ ተወላትና እሱ ሌሎቹን ሁለት ጣቢያዎች ቤት ለቤት ያዳርስ ጀመር።

ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ምልክቶቹ እንደገና በዕጣ ተደለደሉ። ዕጩዎቹ በዝተው ነበር። ለወንድሜ መሰላል ደረሰው። ቁልፉ ደግሞ፣ ከሁሉም ሰው መርጦ፣ ለስፖንጅ ደረሰው።

ወንድሜ በስልክ ነገረኝ። "ለእማዬ ንገሪያት" አለኝ፤ እሺ አልኩ። በዚያው ሳምንት የፈተና ወረቀት ተቆልሎብኝ ነበር። በማግስቱ እሱ ራሱ እሷ ዘንድ ምሳ እንደበላ ሰማሁ፤ ነግሯት ይሆናል ብዬ ተውኩት። እሱም እህቴ እሺ ብላኛለች ብሎ ተወው። እንዲህ ነው የሆነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም። አዲሱ ፖስተር ሦስት ቀን ሲቀረው ታተመ። ወንድሜ አንዱን ይዞላት ሄደ፤ ፎቶው ትልቅ ነው፣ መሰላሏ ከታች ጥግ ላይ ጣት የምታህል ናት። በፎቶው ላይ የለበሰውን ሸሚዝ የተኮሰችው እናቴ ናት። ከሁሉ በፊት ያየችው ኮሌታውን ነው። ወደ ዓይኗ አስጠግታ ከግራ ቀኝ መረመረችውና "አልታጠፈም፤ ጥሩ ነው" ብላ አስቀመጠችው። አሮጌውን ፖስተር ከሚስማሩ አላወረደችም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኟ ግን እናቴ አልነበረችም።

በምርጫው ቀን የወንድሜ ወኪል ሆኜ ጣቢያው ውስጥ ተቀመጥኩ። የትምህርት ቤቴ አንዱ ክፍል ነበር። የዕጩ ወኪሎች ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ ከመራጭ ጋር አንድ ቃል መነጋገር ክልክል ነው። የተናገረ ወኪል ይባረራል፤ ቅስቀሳ ነው ከተባለም ዕጩው ሊሰረዝ ይችላል። ይህን ለእናቴ በዋዜማው ደጋግሜ ነገርኳት። "ስትገቢ እንዳታናግሪኝ፣ በምልክትም ቢሆን እንዳትጠሪኝ" አልኳት። ይህን መንገር አልረሳሁም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ መጡ። እናቴ በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ቀን መስኮቷን ዘግታለች። ሃያ ሦስቱም የተተኮሰ ልብስ ለብሰዋል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ አንዳቸውም ሹልክ እንዳትል እናቴ ከኋላ ናት። የጣቢያው ኃላፊ ብዕሩን አስቀምጦ "ዛሬ ምን ጉድ ነው?" አለ። ሲነጋ ጀምሮ የመጣው ሰው ሠላሳ አይሞላም ነበር። እንባዬ መጣ። የኩራት እንባ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ምንም አላወቅሁም።

መጀመሪያ የገባችው ባለ ዳቦዋ ናት። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙም አልቆየችም። ወረቀቷን ኮሮጆው ውስጥ ከትታ ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። አላናገረችኝም፤ እናቴ አስጠንቅቃታለች። ግን ዓይኗን ጠቀሰችኝና እጇን ከጎኗ ሳታርቅ፣ በሁለት ጣቷ በር እንደምትከፍት ሆና ቁልፍ አዞረች።

ለእናቴ ማንም እንዳልነገራት ገባኝ። ቀና ብዬ ሰልፉን አየሁ። ሃያ ሁለት ሴቶችና እናቴ ነበሩ።

ኃላፊው ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። የስፖንጅ ወኪል ትከሻዬን ሊነካኝ ምንም አልቀረውም። ብናገር ወንድሜ ይሰረዛል ብዬ አሰብኩ። ዝም ብል ደግሞ የሚሆነውን እያየሁት ነው። "ኃላፊ፣ እባክዎ ምልክቶቹ የማን የማን እንደሆኑ ለመራጮች ያስረዱልን" ብዬ ጮክ ብዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ ማንም አይከለክለኝም። ይህ ግን የታየኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ሁለተኛዋ ገባች፣ ሦስተኛዋ ገባች። እያንዳንዷ ስትወጣ ፊቷ በርቷል። አንዲት አሮጊት ጣታቸው ላይ የተቀባውን ቀለም እንዳይጠፋ ብለው እፍ እያሉበት ወጡ።

መጨረሻ ላይ እናቴ ገባች። ካርዷን ሰጠች፣ ጣቷን አስነከረች፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። በፊቴ ስታልፍ አላየችኝም፤ አደራዬን ጠብቃ ፊቷን ኮስተር አድርጋ አለፈች። መጋረጃው ተዘጋ። የተባለችውን ሁሉ ሰምታ የምትፈጽም እናት ናት። ስትወጣ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋው ነበር፤ እጥፋቱ ልክ እንደ መሐረብ ቀጥ ያለ ነው።

ወንድሜ በሦስቱ ጣቢያዎች ድምር በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ተሸነፈ። በኛ ጣቢያ ያገኘው አሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ የኔ ነበር።

መንገድ ላይ ነገርኩት። የነገርኩት ግን ግማሹን ነው፤ እናታችን መቀየሩን አልሰማችም አልኩት እንጂ፣ ከአግዳሚው ላይ ሆኜ ያየሁትን አልነገርኩትም። ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። 

"አንነግራትም" አለ በመጨረሻ። "ልጇን በገዛ እጇ እንደጣለችው ካወቀች አትተርፍም። ሆድ ይፍጀው።"

እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እሷን ማዳኑ ብቻ አይደለም ደስ ያሰኘኝ፤ እኔም አብሬ ስለምድን ነው።

እናቴ ግን ፊደል ባትቆጥር ቁጥር ታውቃለች።

"ከኔ ኮሮጆ ስንት አገኘ?" አለችን ገና ስንገባ።

"አሥራ አንድ" አለ ወንድሜ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ውጤቱ ግን በጣቢያው በር ላይ ተለጥፏል።

"ከኔ ጋር ሃያ አራት ነን የገባነው።" በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። "አንዱ የኔ ነው። አንዱ የዚህች ነው። እንግዲህ ሌላ ሰው ባይመርጠው እንኳ፣ ቢያንስ አሥራ አራቱ ዓይኔን እያዩ ዋሽተውኛል።"

"እማዬ፣ ተይው" አልኩ።

"ልብሳቸውን ተኩሼ! በሰልፍ ወስጄ!"  ካውያው ቀዝቅዞ ነበር፤ እሷ ግን የወንድሜ ሸሚዝ ላይ ወዲያ ወዲህ ታስኬደዋለች።

ከማግስቱ ጀምሮ ሰላምታ አቆመች። የማንኛዋን ዋሾነት ስላላወቀች ሃያ ሦስቱንም ቀጣቻቸው። ልብስ ሲያመጡ መስኮቱን አትከፍትም። ባለ ዳቦዋ ሦስት ቀን ታገሰችና በአራተኛው በበሩ ገብታ መጣች።

"ምን አድርጌሽ ነው ፊት የምትነሺኝ?"

"ራስሽን ጠይቂ።"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቁልፉን ነው የመረጥኩት። እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት። ልጄ ግን ትናንት ምን አለችኝ መሰለሽ፣ ቁልፉ እኮ የዚያ የ..."

እዚህ ላይ ቆመች። እኔ ከእናቴ ጀርባ ቆሜ ነበር። ባለ ዳቦዋ ፊቴን አየችው። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት ያሳደገችኝ ናት፤ ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገኝም። ዞራ እናቴን አየቻት፣ ከዚያ የተሰቀለውን የቁልፍ ፖስተር አየችው።

"የዚያ የምን?" አለች እናቴ።

"ምንም። ዋሽቼሻለሁ" አለች ባለ ዳቦዋ። "ቁልፉን አልመረጥኩም። ስፖንጅን ነው የመረጥኩት። ፍራሽ በርካሽ እሰጥሻለሁ ብሎኝ ነው።"

እናቴ በሩን አሳየቻት። ሴትዮዋ ወጣች። እኔ ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት፣ ግድግዳ ተጋርተው፣ አንዷ የአንዷን ሳል እየሰማች፣ ሳይነጋገሩ ኖሩ። እናቴ ከስታ ነበር። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ብላ ስለራሷ ትተርታለች፤ ልጄን ላስመርጥ ብዬ ወዳጆቼን አጣኋቸው ማለቷ ነው። አንዳንዴ ካውያውን አቁማ ወደ ግድግዳው ጆሮዋን ትሰጣለች። ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን እንደከፈትኩ አልቆጠርኩትም። ወንድሜም በመጣ ቁጥር "እስካሁን ያልነገርናትን አሁን ምን ብለን?" ይለኛል። ነገር ሲቆይ ይከብዳል።

በሁለተኛው ዓመት ባለ ዳቦዋ ታመመች። ሦስት ሳምንት ምድጃው ሳይለኮስ ቆየ። አንድ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ ለቅሶ ሰማን። እናቴ የያዘችውን እጅጌ ተኩሳ ጨረሰችና ሌላ ሸሚዝ አነሳች።

"አልሄድም" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። "በፍራሽ የሸጠችኝን ሴት አላለቅስላትም።"

ያን ጊዜ ነገርኳት። ቆሜ፣ ልክ ተማሪ እንደሚናዘዝ፣ ቁልፉ ለስፖንጅ ደርሶ እንደነበር፣ ለወንድሜ መሰላል እንደሆነ፣ እኔ እሺ ብዬ እንዳልነገርኳት፣ ሴትዮዋ አንዳች እንዳልዋሸችና ዋሸሁ ያለችው ለሷ ብላ እንደሆነ ነገርኳት። እናቴ ካውያውን ከጨርቁ ላይ አነሳችና ዳሩ ላይ አቆመችው። አልጮኸችም።

"ከጥፋቴ ልታድኑኝ ብላችሁ ከሰው ለያችሁኝ" አለች። "ጥፋቱን እኮ እችለው ነበር። ይቅር በሉኝ እል ነበር፣ ይስቁብኝ ነበር፣ ያልፍ ነበር።"

ልብሷን ቀየረችና ክንዴን ይዛ ለቅሶው ቤት ገባን። ሴቶቹ በሙሉ እዚያ ነበሩ።  ሲያዩዋት ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት። እናቴ ግን አልተቀመጠችም።

"ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ" አለች። "ቁልፉ የልጄ አልነበረም። አሁን ነው የሰማሁት።"

"እናውቃለን" አለች አንዷ በለሆሳስ። "በሳምንቱ ሁላችንም ሰምተናል። እሷ ናት ዝም በሉ ያለችን። እውነቱን ከምታውቅ እኛን ብትጠላን ይሻላታል አለች።"

እናቴ እስከ ምን ድረስ እንዳለቀሰች አልናገርም። ዕድሜ ልኬን ሳቋን እንጂ ልቅሶዋን አላየሁም ነበር፤ ያን ቀን የሟች ልጆች ራሳቸው ተነሥተው ያዟት።

ወደ ማታ ስንወጣ ክንዴን ይዛ ነበር። በራችን ጥቂት እርምጃ ላይ ነው፤ እሷ ግን መንገዱ ላይ ቆመች።

"አንቺ የምልክቱን መቀየር እንዳልሰማሁ መቼ ነው ያወቅሽው?" አለችኝ።

ልዋሻት እችል ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ውሸቱም ሰልችቶኝ ነበር።

"ባለ ዳቦዋ ከመጋረጃው ስትወጣ በጣቷ ቁልፍ አዞረችልኝ። ያኔ።"

"እሷ የመጀመሪያዋ ናት።"

"አዎ።"

"ከሷ በኋላ ሃያ ሦስት ነበርን። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ።" ወደ ፊቴ ዞረች። "በፊትሽ ሳልፍ ታይኝ ነበር?"

"አይሽ ነበር እማዬ።"

ክንዴን ለቀቀች። ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ብቻዋን ወደ ቤት ገባች።